ህሊናውን በችርቻሮ የሚሸጥ ገጸ ባሕርይ እንዴት ይጻፋል? ዝርዝር መመሪያ

ስለ አድርባይ ሰው የሚጻፉ ረቂቆች አብዛኞቹ የሚወድቁት አንድ ቦታ ላይ ነው። በመጀመሪያው ምዕራፍ ቅን የነበረው ሰው በአራተኛው ምዕራፍ ጉቦ ሲቀበል እናገኘዋለን፤ በመካከሉ ያለው ሁሉ "ኑሮ አስገደደው" በሚል አንድ አንቀጽ ታልፏል። አንባቢ ይህን አያምንም፤ ባያምንም አይፈረድበትም። ሰው ህሊናውን በጅምላ አይሸጥም፤ የሚሸጠው በችርቻሮ ነው። እያንዳንዷ ሽያጭ ደግሞ በዕለቷ ስትታይ ሽያጭ አትመስልም። የጸሐፊው ሥራ ያቺን ዕለት መጻፍ ነው፤ አንባቢው "እኔም ብሆን እፈርም ነበር" ብሎ ካለፈ በኋላ ሦስት ገጽ ሄዶ እንዲደነግጥ።

ከዚህ በታች ያለው አካሄድ ለአጭርም ለረጅምም ልብ ወለድ ይሠራል። ልኩን ለማሳየት 8,000 ቃል ገደማ የሆነ ታሪክ እንወስዳለን። ምሳሌያችንም ከዳር እስከ ዳር አንድ ናት፤ ሰናይት እንበላት። የኮንክሪት ጥንካሬ የምትመረምር የቤተ ሙከራ ባለሙያ ናት። ከእያንዳንዱ ሙሌት 15 በ15 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ናሙናዎች ይቀዳሉ፣ ውኃ ውስጥ ይቆያሉ፣ በ28ኛው ቀን ማሽን ውስጥ ገብተው እስኪሰበሩ ይጨመቃሉ። በታሪካችን ሕንጻው የሚጠይቀው ጥንካሬ 25 ሜጋ ፓስካል ነው። ይህን ሙያ የመረጥነው የሥራው ውጤት ቁጥር ስለሆነ ነው፤ ውሸቱም በቁጥር ይታያል። እናንተም ገጸ ባሕርያችሁን ስትቀርጹ መጀመሪያ የምትፈልጉት እንዲህ ያለ ሥራ ነው፤ ማጭበርበሩ በእጅ የሚሠራ፣ መጠኑም ከፍ ዝቅ ሊል የሚችል።

ደረጃ 1፦ እሴቱን ወደ አንድ ድርጊት አውርዱት

"ታማኝነት"፣ "ሐቀኝነት"፣ "ክብር" የሚሉት ቃላት ለስብከት እንጂ ለትዕይንት አይሆኑም። እሴቱን በእጅ የሚደረግ ወይም የማይደረግ ነገር አድርጉት። የሰናይት እንዲህ ይጻፋል፦ "ሰናይት በዓይኗ ያላየችውን ቁጥር መዝገብ ላይ አታሰፍርም።" በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ዓይን፣ ቁጥርና መዝገብ አለ፤ ሦስቱም ይታያሉ።

ያወጣችሁትን ዓረፍተ ነገር በሦስት ጥያቄ ፈትኑት። ሲጣስ ከሩቅ የቆመ ሰው ሊያየው ይችላል? ሲጠበቅ ባለቤቱን ያስከፍለዋል? ከአንድ ከሚወደድ ወይም ከሚፈራ ሰው የተወረሰ ነው? የመጀመሪያው ከጎደለ ትዕይንት የላችሁም። ሁለተኛው ከጎደለ ያላችሁ ልማድ ነው፤ እሴት አይባልም። ሦስተኛው ቢጎድል ታሪኩ አይሞትም፤ ግን መጨረሻው ላይ ገጸ ባሕርይዋ የምታፍርበት ፊት ይጠፋል።

ከዚያ እሴቱን አንድ ዕቃ ላይ አሳርፉት። ሰናይት ከመሥሪያ ቤቱ ቅጽ በፊት ቁጥሩን የምትጽፍበት የግል ደብተር አላት እንበል። ማሽኑ ሲቆም መጀመሪያ እዚያ ትጽፋለች፣ በእስክሪብቶ፣ የነጥቧን ክፍልፋይ ሳይቀር፤ ከዚያ በኋላ ወደ ቅጹ ትገለብጣለች። ደብተሩን ያስለመዳት የመጀመሪያ አለቃዋ ነው። ይህ ዕቃ በኋላ ብዙ ሥራ ይሠራላችኋል፤ እሷ የማትናገረውን እሱ ይናገራል።

በመጀመሪያዎቹ 1,000 ቃላት ውስጥ እሴቱ አንድ ጊዜ ተጠብቆ መታየት አለበት፤ ዋጋም ይክፈልበት። ሰናይት አንድ ናሙና አልፍም ብሎባት ሙሌቱን ታስቆማለች፤ ሠራተኛው ሁሉ ቀኑን ቁጭ ብሎ ይውላል፤ በማግስቱ ሻይ ላይ አጠገቧ የሚቀመጥ አይኖርም። በቃ። ንግግር አታድርግ፣ አታልቅስ። ጀግና ካደረጋችኋት በኋላ የምታወርዱበት መሰላል ይረዝምባችኋል።

ደረጃ 2፦ የምትፈልገው ነገር ጥሩ ነገር ይሁን

"ማደግ ፈለገች" አይበቃም። ወንበሩ የት ነው? መቼ ነው ባዶ የሚሆነው? ደብዳቤው ላይ የሚፈርመው ማን ነው? የቤተ ሙከራው ኃላፊ በዓመቱ መጨረሻ ጡረታ ይወጣል፤ ወንበሩን ከያዘችው አዲስ የመጭመቂያ ማሽን ታስገዛለች፣ የናሙና አያያዙን ታስተካክላለች። ፍላጎቷ ንጹሕ ነው። አድርባይነት የሚያስፈራው ከጥሩ ምኞት ሲነሳ ነው፤ ከስግብግብነት ከተነሳ አንባቢ ከመጀመሪያው ገጽ ራሱን ነጻ ያወጣና ከዳር ቆሞ ያያል።

እዚህ ላይ ሁለት ግፊቶችን ለዩ። አንዱ "ልደግ" ነው፤ ሌላው "ከሰው አልለይ" ነው። ብዙ ጸሐፊ የመጀመሪያውን ብቻ ይጽፋል። የሚበረታው ግን ሁለተኛው ነው፤ ምክንያቱም ሽልማት እንኳ ሳይኖር ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1951 የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሰሎሞን አሽ ባሳተመው ሙከራ ተሳታፊዎች የሚጠየቁት ከሦስት መስመሮች የትኛው ከናሙናው ጋር እኩል እንደሆነ ብቻ ነበር፤ ሕፃን የሚመልሰው ጥያቄ። በክፍሉ የነበሩት ሌሎች ሰዎች ግን የሙከራው ተባባሪዎች ስለነበሩ ሆን ብለው አንድ ላይ ይሳሳታሉ። በእነዚህ ዙሮች ከተሰጡት መልሶች አንድ ሦስተኛ ገደማ የሚሆኑት ከተሳሳተው ቡድን ጋር ሄደዋል። ከተሳታፊዎቹ ሦስት አራተኛ ገደማ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ጊዜ ተከትለዋል፤ ሩብ የሚሆኑት አንድም ጊዜ አልተከተሉም። ማንም አላስፈራራቸውም፣ ማንም ወንበር አላሳያቸውም።

ለጸሐፊ ከዚህ የሚወጣው ሥራ ቀላል ነው። በታሪካችሁ ሽልማቱን ብታወጡት ገጸ ባሕርይዋ አሁንም ትፈርማለች ወይ ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ "አዎ፣ ስለምታፍር" ከሆነ ግፊቱ በደንብ ተገንብቷል። ይሉኝታ ከገንዘብ ይልቅ ብዙ ፊርማ አስፈርሟል።

ደረጃ 3፦ አጋሩን ከአጠገቧ አንሱ፤ ግን እንዴት እንደሚሄድ ምረጡ

አሽ በኋላ ሙከራውን ሲለዋውጥ ያገኘው ነገር ለደራሲ ከመጀመሪያውም ይበልጣል። ከሚሳሳተው ቡድን መካከል አንድ ሰው ብቻ ትክክለኛውን ሲናገር፣ ተሳታፊው ቡድኑን መከተሉ ወደ ቀድሞው መጠን ሩብ ገደማ ወረደ። ያ አጋር መካከል ላይ ከድቶ ከብዙኃኑ ጋር ሲሳሳት መከተሉ እንደገና አሻቀበ። ሳይከዳ፣ ሌላ ጉዳይ ገጥሞት ከክፍሉ ሲወጣ ግን ስሕተቱ የጨመረው ከዚያ ባነሰ መጠን ነበር፤ ሰውየው ከሄደም በኋላ ድጋፉ ቀርቷል።

ስለዚህ የሰናይት ጓደኛ የሥራ ባልደረባዋ ከበደ ቢቀየር፣ ቢታመም፣ ቢሞት እንኳ ሰናይትን ያን ያህል አያዳክማትም፤ እንዲያውም "እሱ ቢኖር ምን ይል ነበር" እያለች ልትጸና ትችላለች። ሊጥላት የሚችለው ከበደ አጠገቧ ቆሞ መፈረሙ ነው። በቅንነት፣ ሳቅ እያለ፣ "ለአንድ ነጥብ ብለን?" እያለ ይፈርም። ይህን ትዕይንት ከ2,000ኛው ቃል በፊት አስገቡት፤ ከዚያ በኋላ ያለው ቁልቁለት ነው። ብዙ ረቂቅ ከዚህ ይልቅ አጋሩን በመኪና አደጋ ይገድለዋል፤ ያሳዝናል፣ ግን የሚሠራው ሥራ የለም።

ደረጃ 4፦ መሰላሉን ሥሩ

ይህ የመመሪያው ልብ ነው፤ እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። መሰላሉ እንደ ውኃ እያሳሳቀ የሚወስድ ይሁን፤ የእርከኖቹ ቁጥር ከአምስት እስከ ሰባት ይሁን፤ ከዚያ ካነሰ ይዘለላል፣ ከበለጠ ይሰለቻል። እያንዳንዱ እርከን ከቀደመው የሚለየው በአንድ ነገር ብቻ ነው። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ከተለወጠ አንባቢ ደረጃውን ያየዋል፤ ካየው ደግሞ "እኔስ አልረግጠውም" ይላል።

ይህ ከራሳችን የፈጠርነው ሕግ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1966 የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ፍሪድማንና ፍሬዘር ባሳተሙት ጥናት ግቢያቸው ውስጥ ትልቅና አስቀያሚ የመንገድ ደኅንነት ሰሌዳ እንዲተከል በቀጥታ ከተጠየቁ ሰዎች የተስማሙት 17 በመቶ ገደማ ነበሩ። ቀደም ብለው ስለዚያው ጉዳይ ትንሽ ምልክት መስኮታቸው ላይ ለመለጠፍ እሺ ካሉት መካከል ግን 76 በመቶ ገደማ ትልቁንም ተቀበሉ። ተሳታፊዎች ሌላ ሰውን በኤሌክትሪክ እንዲያነዝሩ በታዘዙበት በሚልግራም የታወቀ ሙከራ ውስጥ ደግሞ ማሽኑ ላይ የነበሩት 30 ማብሪያዎች ከ15 ቮልት ተነስተው በ15 በ15 እያደጉ 450 ይደርሳሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1963 በታተመው ውጤት ከ40 ሰዎች 26ቱ እስከ መጨረሻው ሄደዋል። ንዝረቱ የውሸት ነበር፤ እነሱ ግን አያውቁም። ማሽኑ ላይ የነበሩት ማብሪያዎች ሁለት ብቻ ቢሆኑ፣ 15 እና 450፣ ምን ይሆን እንደነበር ለራሳችሁ ገምቱ። ደራሲ የሚሠራው ማሽን ማብሪያው ብዙ ነው።

የሰናይት መሰላል እንዲህ ይሆናል።

አንደኛ፦ ማሽኑ 24.6 ላይ ይቆማል። ቅጹ ላይ 25 ተብሎ ይጻፋል። ደብተሩ ላይ ግን 24.6 አለ።

ሁለተኛ፦ ከሦስት ናሙናዎች ሁለቱ 26 እና 25.5 ይመጣሉ፤ ሦስተኛው 21.8። ሦስተኛው ከቅርጹ ሲወጣ ጥጉ ተሸርፏል፤ እውነት ነው ተሸርፏል። "ጉዳት የደረሰበት" ተብሎ ይወጣል። ምክንያቱ ትክክል ነው፤ ቁጥሩ ጥሩ ቢሆን ግን ሽርፋቱን ማንም አያየውም ነበር።

ሦስተኛ፦ 22.9። ከበደ እሷ በሌለችበት እንደገና ሞክሮ 25.3 እንዳገኘ ይነግራታል። ትፈርማለች። ጨርሶ ባላየችው ቁጥር ላይ ስትፈርም ይህ የመጀመሪያዋ ነው፤ የደረጃ 1 ዓረፍተ ነገር እዚህ ላይ ፈጽሞ ተሰብሯል። ግን የነገራት ጓደኛዋ ነው፤ "ውሸትህን ነው" ትበለው?

አራተኛ፦ ሙሌቱ ቸኩሏል፣ 28 ቀን የሚጠብቅ የለም። ኮንክሪት በ7ኛው ቀን የ28 ቀን ጥንካሬውን ሁለት ሦስተኛ ገደማ ስለሚይዝ፣ የ7ኛውን ቀን ውጤት አባዝታ የ28 ቀን አድርጋ ትጽፋለች። ስሌቱ ከመማሪያ መጽሐፍ የወጣ ነው። ሐሰቱ ቀኑ ላይ ነው። ደብተሩ በዚያ ቀን ባዶ ይሆናል፤ የምትጽፍበት የተነበበ ቁጥር የለማ።

አምስተኛ፦ ወንበሩን ይዛለች። አዲስ የተቀጠረችው ልጅ 24.1 ይዛ ስትመጣ ሰናይት "እና ሃያ አምስት አይደል?" ትላታለች።

ስድስተኛ፦ ልጅቷ 19 ይዛ ትመጣለች፣ አልጽፍም ትላለች። ሰናይት አትቆጣትም። በዓመቱ መጨረሻ የሥራ ምዘናዋ ላይ "ከቡድን ጋር ተግባብቶ መሥራት ይቸግራታል" ብላ ትጽፋለች።

ከሦስተኛ ወደ አራተኛው፣ ከአራተኛ ወደ አምስተኛው ምን እንደተለወጠ ልብ በሉ። መጀመሪያ የሚለወጠው የቁጥሩ መጠን ነው፤ ቀጥሎ ምስክሩ፣ ቀጥሎ ጊዜው፣ ቀጥሎ እጁ የማን እንደሆነ። ቁጥሩን ብቻ ከ24 ወደ 22፣ ወደ 20 እያወረዳችሁ ብትሄዱ መሰላል አይሆንም፤ አንድ ትዕይንት ስድስት ጊዜ ጻፋችሁ ማለት ነው። በጣም የተለመደው ጉድለትም ይኸው ነው።

የቦታ ድልድሉ እኩል አይሁን። አንደኛው እርከን ሙሉ ትዕይንት ይገባዋል፣ 900 ቃል ቢሆን አይበዛም፤ ሁለተኛው ግማሽ ገጽ ይበቃዋል። ሦስተኛው ሰፊ ነው። አራተኛው አንድ አጭር አንቀጽ ይሁን፤ ማጠሩ ራሱ ይናገራል፣ ነገሩ ለእሷ ትዕይንት መሆኑ ቀርቷል። አምስተኛው አንድ መስመር ምልልስ ሊሆን ይችላል። ስድስተኛው ላይ እንደገና ዘርጉት።

ደረጃ 5፦ አለቃው ሰይጣን አይሁን

ክፉ አለቃ ለጸሐፊ ምቹ ነው፣ ለታሪኩ መርዝ ነው። የሚያስፈራራ ሰው ፊት መፈረም ሽንፈት ነው እንጂ ሽያጭ አይደለም። አለቃው ይዘዝ፤ ግን ትእዛዙ ትእዛዝ አይምሰል። የመጀመሪያውን እርከን ቀረብ ብለን እንየው፦

"ስንት መጣ?"

"ሃያ አራት ነጥብ ስድስት፣ ኢንጂነር።"

ኢንጂነሩ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ። "እናትሽ እንዴት ናቸው? ተሻላቸው?"

"ደህና ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ያን ቀን ፈቃዱን ባይሰጡኝ ኖሮ..."

"ተይ እንጂ።" መነጽሩን መለሱት። "እና ሃያ አምስት አይደል?"

ሰናይት ደብተሩን ዘጋችው። "ሃያ አምስት ነው።"

ምን እንደተሠራ ተመልከቱ። ውለታው ከጥያቄው በፊት መጣ፤ ማንም አላያያዘውም፣ እሷ ራሷ ናት ያነሳችው። ጥያቄው "አድርጊ" የሚል ግስ የለውም። እሷ "እርስዎ" ትላለች፣ እሳቸው "አንቺ" ይላሉ፤ ሚዛኑ ያለው በቃላቱ መድረሻ ላይ ነው። ደብተሩ የሚዘጋው መልሱ ከመነገሩ በፊት ነው። "ህሊናዋ ወቀሳት" የሚል ዓረፍተ ነገር እዚህ ቢጨመር ትዕይንቱ ይፈርሳል፤ እጇ ተናግሮ ጨርሷል።

በአምስተኛው እርከን ያው ጥያቄ ከሰናይት አፍ ሲወጣ ምንም ማስታወሻ አትጨምሩ። "የኢንጂነሩ ቃል ትዝ አላት" ብላችሁ ከጻፋችሁ አንባቢውን እንደ ሰነፍ ተማሪ ቆጠራችሁት።

ደረጃ 6፦ ማመካኛውን በግሱ ውስጥ ደብቁ

ሰው ካደረገው ጋር አብሮ ለመኖር የሚያምንበትን ያስተካክላል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ፌስቲንገርና ካርልስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1959 ያሳተሙት ሙከራ ለዚህ ክፍል መታወቅ አለበት። ተማሪዎች እጅግ አሰልቺ ሥራ ከሠሩ በኋላ ለሚቀጥለው ሰው "ደስ ይላል" ብለው እንዲዋሹ ተከፈላቸው፤ ለአንዳንዶቹ 1 ዶላር፣ ለሌሎቹ 20 ዶላር። በኋላ ስለ ሥራው እውነተኛ ስሜታቸው ሲጠየቁ ደስ ይል እንደነበር አብልጠው የተናገሩት 1 ዶላር የተከፈላቸው ናቸው። ሃያ የተከፈለው "ለገንዘቡ ነው የዋሸሁት" ሊል ይችላል፤ አንድ የተከፈለው ግን ይህ ማመካኛ ስለሌለው ውሸቱን ወደ ማመን ተጠጋ።

ለደራሲ ትርጉሙ ይህ ነው፦ ለሰናይት ሻንጣ ሙሉ ብር አትስጧት። ብሩ ማመካኛ ይሆናትና ከውስጧ ምንም ሳይለወጥ ትቀራለች። የምታገኘው ትንሽ ይሁን፦ አንድ ቀን ፈቃድ፣ ስብሰባ ላይ ስሟ መጠራቱ፣ ሻይ ላይ አጠገቧ ሰው መቀመጡ። ዋጋው ባነሰ ቁጥር እምነቷን ብዙ ማስተካከል ይኖርባታል፤ ታሪኩ ያለው እዚያ ነው።

ማመካኛዎቹን የሥነ ልቦና ምሁሩ አልበርት ባንዱራ ስምንት አድርጎ ዘርዝሯቸዋል፤ ሁሉን መጠቀም አያስፈልግም፣ ለአንድ ታሪክ ሦስት ይበቃሉ። ስሙን ማለስለስ፦ "ማጭበርበር" ሳይሆን "ማጠጋጋት"። ከባሰው ጋር ማወዳደር፦ "ሌላ ቦታ እኮ ናሙናም አይቀዳም።" ኃላፊነቱን ወደ ላይ መግፋት፦ "ከላይ የመጣ ነው።" ለብዙ ማካፈል፦ "አምስት ሰው ፈርሞበታል።" ተጎጂውን ጥፋተኛ ማድረግ፦ ልጅቷ "ትንሽ ግትር ናት።" እነዚህን በተራኪው አፍ አታብራሩ፤ በምልልስ ውስጥ፣ ሌላ ነገር እየተወራ ሳለ ይምጡ።

አማርኛ ደግሞ ለዚህ ሥራ የተሠራ መሣሪያ አለው፤ ግሱ። አንድ "መፈረም" ብቻ ይዛችሁ ሙሉውን ቁልቁለት መውረድ ትችላላችሁ፦

አልፈርምም።
ፈረምኩ።
ፈረምኩላቸው።
ተፈረመ።
አስፈረምኩ።

"ፈረምኩላቸው" ላይ ድርጊቱ ውለታ ሆነ፤ "ላቸው" የምትለዋ ቅጥያ ጥፋቱን ወደ ደግነት አሻገረችው። "ተፈረመ" ላይ ፈራሚው ጠፋ። "አስፈረምኩ" ላይ ተመልሶ መጣ፤ ግን እጁ የሌላ ሰው ነው። ሰናይት በራሷ አንደበት የምትተርክ ከሆነ ይህን ቅደም ተከተል ከእርከኖቹ ጋር አዛምዱት፤ በአንደኛውና በሁለተኛው "ጻፍኩ"፣ በሦስተኛው "ፈረምኩላቸው"፣ በአራተኛው "ተጻፈ"። አንባቢ ለምን እንደከፋው ሳያውቅ ይከፋዋል።

ባለቤቱም እንዲሁ ይሸሻል፦ ከ"እኔ" ወደ "እኛ"፣ ከ"እኛ" ወደ "ሰው"። "ሰው ምን ያድርግ?" የሚል ሰው ስለ ራሱ እያወራ ነው። በመጀመሪያዎቹ 2,000 ቃላት ውስጥ "እኔ" በብዛት ይምጣ፤ ከመካከል በኋላ እየሳሳ ይሂድ፤ ስድስተኛው እርከን ላይ ከነጭራሹ ቢጠፋ ጥሩ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ፤ ተራኪው ሦስተኛ መደብ ከሆነ ይህን በተራኪው ዓረፍተ ነገር ላይ አታድርጉት፣ የደራሲው አጻጻፍ የተበላሸ ይመስላል። በሰናይት ምልልስና በምትጽፋቸው ሪፖርቶች ላይ ወስኑት።

ደረጃ 7፦ ያገኘችውም ይታይ፣ የከፈለችውም

ያገኘችው ነገር እውነተኛ ይሁን። አዲሱ ማሽን ተገዛ፤ የናሙና አያያዙ በእርግጥ ተሻሻለ። "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" የሚለው ተረት የብዙ ሰው ማመካኛ ነው፤ የሰናይት ግን ከዚህ ይለያል፣ እሷ ለራሷ የበላችው ነገር የለም። ይህ ነው ፍርዱን የሚያከብደው። ያተረፈችው ሁሉ ባዶ ሆኖ ከታየ ታሪኩ ምክር ይሆናል።

የከፈለችው በአንድ ሰው ፊትና በአንድ ዕቃ ላይ ብቻ ይታይ። ሰውዋ አዲሷ ልጅ ናት፤ ሰናይትን የምታያት ሰናይት በአንድ ወቅት ሌሎችን ታይ በነበረበት ዓይን ነው። ዕቃው ደብተሩ ነው። እንቅልፍ ማጣት፣ መጠጥ፣ መስታወት ፊት ቆሞ ራስን አለማወቅ፤ እነዚህን ተዉአቸው፣ ብዙ እጅ ነካክቷቸዋል። ደግሞም ብዙ አድርባይ ሰው በሰላም ይተኛል።

ደረጃ 8፦ ሕንጻውን አታፍርሱት

ፈተናው እዚህ ነው። ኮንክሪት እየተጭበረበረ ሕንጻ ሳይፈርስ ያልቃል? ይለቅ። ሕንጻው ቢፈርስ ጥፋቷ በፊዚክስ ተፈረደ፤ አንባቢም "ባይፈርስ ኖሮስ?" ብሎ ለመጠየቅ ዕድል አያገኝም። ሕንጻው ቆሞ፣ ሰው ገብቶበት፣ መስኮቱ ላይ መጋረጃ ተሰቅሎ ሲያበቃ ግን ጥያቄው ሁሉ ሰናይት ላይ ይቀራል። በሙያውም ቢሆን ከሚጠበቀው በጥቂቱ ያነሰ ኮንክሪት ወዲያው አይናድም፤ ንድፉ መጠባበቂያ አለው። ይህም ራሱ ማመካኛ ሊሆናት ይችላል።

የመጨረሻ ደቂቃ ንስሐ ከፈለጋችሁ ከአምስተኛው እርከን በፊት አምጡት፤ ከዚያ በኋላ የምትመልሰው ነገር የእሷ ብቻ ስላልሆነ ንስሐው ርካሽ ይሆናል። ሌላው አማራጭ ልጅቷ ትታት ስትሄድ መዝጋት ነው። ከሁሉ የሚሻለን ግን ይህ ነው፦ ሰናይት ቢሮ ስትቀይር የድሮ ደብተሯ ከመሳቢያ ይወጣል፤ የመጀመሪያዋ 24.6 እዚያ አለች፣ በእስክሪብቶ። ታነባታለች፤ ለአፍታ የምን ቁጥር እንደሆነ ይጠፋባታል። ከዚህ በላይ አንድ ዓረፍተ ነገር አትጨምሩ።

ረቂቁ ካለቀ በኋላ

ሦስት ምርመራዎች አሉ። የመጀመሪያው የቀለም ነው። ረቂቁን አትሙና እሷ ራሷ ያደረገችባቸውን ግሶች በአንድ ቀለም፣ "ተ" ያለባቸውን ሠሪያቸው የጠፋ ግሶች በሌላ ቀለም አስምሩ። ቀለሙ ከመካከል ጀምሮ ካልተቀየረ ደረጃ 6 አልተሠራም። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ የተቀላቀለ ከሆነ ደግሞ የቢሮ አማርኛ በእናንተው ላይ ተጋብቷል፤ የመጀመሪያዎቹን ገጾች በአድራጊ ግስ እንደገና ጻፉ።

ሁለተኛው የቃል ቆጠራ ነው። "ህሊና"፣ "ጸጸት"፣ "ወቀሳ"፣ "ውስጧ" የሚሉትን ፈልጉ። በ8,000 ቃል ውስጥ ከሁለት ወይም ከሦስት ጊዜ በላይ ከመጡ የቀሩትን ሰርዙና በቦታቸው እጅ፣ ደብተር ወይም ዝምታ አስገቡ። አብዛኛውን ጊዜ ምንም ማስገባት አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ነገር ሁለት መስመር ከፍ ብሎ ተጽፎ ታገኙታላችሁ።

ሦስተኛው የሰው ነው። ታሪኩን ሦስተኛው እርከን ላይ፣ ሰናይት ልትፈርም እስክሪብቶውን ስታነሳ ቁረጡትና ለሦስት አንባቢዎች ስጡ። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ "ትፈርም ወይስ አትፈርም?" ሦስቱም ሳያመነቱ "አትፈርም" ካሉ እርከኑ በጣም ከፍ ብሏል፤ ሁለተኛውን ተመልሳችሁ ጠጋ አድርጉት። ሦስቱም "ምን ችግር አለው?" ካሉ ችግሩ ያለው ደረጃ 1 ላይ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ አልገባቸውም፣ ሙሌቱ የቆመበትን ትዕይንት እንደገና ጻፉ። አንዱ "ትፈርም" ብሎ ትንሽ ቆይቶ "ቆይ ግን፣ ከበደ በእርግጥ ለክቶታል?" ብሎ ከጠየቀ ቀሪውን 5,000 ቃል ስጡት።